ሌሊት የተጻፉ መጻሕፍት

ለዚህ ልሳን ጽሑፍ ስጡን ስንል ከብዙዎቻችሁ የምንሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ቤቱ ሲረጋጋ፣ ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ እጽፋለሁ የሚል። በዚህ እትም ቤቷ ረግቶ የማያውቅ የአንዲት ጸሐፊ ሕይወት ልናካፍላችሁ የወደድነው ለዚህ ነው። ሬቸል ካርሰን ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሬቸል በ1907 በፔንሲልቬንያ ግዛት ተወለደች። እናቷ ወይዘሮ ማሪያ ከትዳራቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ፤ ልጃቸውን እያስከተሉ ወፉንም ዛፉንም በስሙ ያስተዋውቋት ነበር። በ11 ዓመቷ የጻፈችው ታሪክ በአንድ የልጆች መጽሔት ታተመላት። ኮሌጅ የገባችው ጸሐፊ ለመሆን ነበር፤ መሐል ላይ ግን ወደ ሥነ ሕይወት ትምህርት ዞረች። ያን ጊዜ ጽሑፍን ለዘለዓለም የተሰናበተች መስሏት ነበር። ሳይንሱ የሚጻፍ ነገር እንደሰጣት የገባት ቆይቶ ነው።

በ1935 አባቷ በድንገት አረፉ። በ1937 ደግሞ እህቷ ሁለት ሴት ልጆች ትታ ሞተች። እናትና የእህት ልጆች በሙሉ በሬቸል ደመወዝ ላይ ወደቁ። የምትሠራው በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ነበር። ለቢሮው ስለ ባሕር የጻፈችውን መግቢያ አለቃዋ አንብቦ ለመንግሥት ጽሑፍ ከመጠን በላይ ያማረ ነው ብሎ መለሰላትና አትላንቲክ ለተባለው መጽሔት እንድትልከው መከራት። በ1937 ታተመላት።

የመጀመሪያ መጽሐፏ በኖቬምበር 1941 ወጣ። ከአንድ ወር በኋላ ፐርል ሃርበር ተደበደበ፤ አገሩ ሁሉ ወደ ጦርነት ሲዞር የመጽሐፉ ነገር ተረሳ፤ ከ2000 ያነሰ ቅጂ ብቻ ተሸጠ።

አሁን ወደ አጻጻፏ እንምጣ። ቀኑን ቢሮ ትውላለች፤ የምትጽፈው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሌሊት ነው። በጣም ቀርፋፋ ነበረች። አንዱን አንቀጽ ደጋግማ ትሠርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ከዚያ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ብዙውን ጊዜ አንባቢዋ ወይዘሮ ማሪያ ነበሩ፤ ጽሑፉን በታይፕ የሚመቱትም እሳቸው ናቸው። ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋልና። (ይህ ለእኛም የሚመች ዘዴ ነው፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ አንድ ገጽ ለጎረቤት ማንበብ ምን ይከብዳል?) እርግጠኛ ያልሆነችበትን ነገር ለባለሙያ ጽፋ ትጠይቃለች፤ ያለቀውንም ምዕራፍ እንዲያርሙላት ትልካለች። ለጀማሪ ጸሐፊዎች የምትመክረው፣ የራሳቸውን ስሜት በያዘው ጉዳይ ላይ እንዲጽፉ፣ ጉዳዩንም እስኪዋሐዳቸው ድረስ እንዲያጠኑት ነበር። ሥራው ብቸኝነት እንዳለበትም አልደበቀችም።

በ1951 ስለ ባሕር የጻፈችው ሁለተኛ መጽሐፍ ለ86 ሳምንታት ከፍተኛ ሽያጭ ካላቸው መጻሕፍት ዝርዝር አልወጣም። በማግስቱ ዓመት የቢሮ ሥራዋን ለቀቀች። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1957 ካሳደገቻቸው የእህቷ ልጆች አንዷ ሞተች፤ ሬቸልም ወደ 50 ዓመት ስትጠጋ የሟቿን የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ወስዳ ማሳደግ ጀመረች። እናቷም አርጅተው ነበር።

ስለ ፀረ ተባይ መርዝ የሚናገረውን ሳይለንት ስፕሪንግ የተባለውን መጽሐፍ የጀመረችው በዚህ ሁሉ መካከል፣ በ1958 ነው። የዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ እናቷ አረፉ። በ1960 ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሟ እውነቱን አልነገራትም፤ በሽታው መሰራጨቱን ያወቀችው ከወራት በኋላ ነው። በ1961 መጀመሪያ ዓይኗ ታሞ ማንበብ ሲያቅታት ረዳቷ ምዕራፎቹን ታነብላት ነበር፤ እሷ እየሰማች ታርማለች። ለእናቷ ስትሰጠው የኖረችው ጆሮ ያን ጊዜ ሥራዋን አዳነላት ብለን እናምናለን።

መጽሐፉ በሴፕቴምበር 1962 ወጣ። መጨረሻው ላይ ከ50 ገጽ በላይ የምንጮች ዝርዝር ነበረው። የኬሚካል ኩባንያዎች ተነሡባት፤ ያላገባች ሴት ስለ መጪው ትውልድ ምን አገባት ያሉም ነበሩ። ዝርዝሩ ግን መልስ ሆነላት። ለወባ በየቤታችን ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ከመጽሐፉ ዋና ጉዳዮች አንዱ ነው፤ እሷ የጠየቀችው ግን ያለ ጥንቃቄ መርጨቱ እንዲቆም እንጂ ኬሚካል ሁሉ ይጥፋ የሚል አልነበረም። ሕመሟን ከሕዝብ ደበቀች፤ ካንሰር ስላለባት ነው እንዳይሉና ጽሑፏን እንዳያጣጥሉባት። በ1963 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር ፀጉሯ በሕክምናው ረግፎ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጋ ነበር።

በኤፕሪል 1964 በ56 ዓመቷ አረፈች። ልጁ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር፤ ወስደው ያሳደጉት የመጽሐፏ አርታዒና ባለቤቱ ናቸው።