ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነርስነት ሙያቸው

ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች የጤና ትምህርት ቤቶች ተመርቀው ወደ ሥራ የሚሰማሩ ወጣት ነርሶች ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች አሉ። በገጠር ጤና ጣቢያ ስንት ዓመት መቆየት ይገባል? ትምህርትን መቀጠል የሚሻለው መቼ ነው? በሌሊት ተራ አልጋ ሲያነጥፉና ቁስል ሲያጥቡ ማደርስ በእርግጥ የተማረ ሰው ሥራ ነውን? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በሰማን ቁጥር በሐሳባችን የሚመጡት የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳሉ ይህንኑ ሥራ በገዛ ፈቃዳቸው የመረጡት ልዕልት ፀሐይ ናቸው። በዚህ ዕትም የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን።

ልዕልት ፀሐይ በጊዜው አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከተፈሪ መኰንንና ከባለቤታቸው ከመነን አስፋው ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የእንግሊዝ ፓርላማ ነርሶች ተምረውና ተፈትነው በመዝገብ እንዲሰፍሩ የሚያዝዘውን ሕግ አውጥቶ ነበር። ልዕልቲቱ ከሃያ ዓመት በኋላ በዚሁ መዝገብ ስማቸው እንደሚጻፍ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት ነበር። በዚያን ጊዜ ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ጋር ሆነው፣ ለዘማቹ ፋሻና ልብስ በሚያዘጋጀው የሴቶች ማኅበር ውስጥ ደከሙ። በዚያው ዓመት ግን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ስደት ወጡ። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሲቀመጥ፣ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ወደሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በተማሪ ነርስነት ገቡ።

በዚያ ዘመን የነርስነት ትምህርት በክፍል ውስጥ ብቻ የሚሰጥ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። ተማሪዋ በሆስፒታሉ የነርሶች ማደሪያ ታድራለች፤ ማልዳ ተነሥታ አልጋ ታነጥፋለች፤ ሕፃናቱን ታጥባለች፣ ትመግባለች፤ የመጸዳጃ ዕቃ ታጸዳለች፤ ሙቀት ለክታ ትጽፋለች። ፔኒሲሊን ገና በሥራ ላይ አልዋለም ነበርና ሳንባው የታመመ ወይም ጉሮሮው የታፈነ ሕፃን መዳኑ በአብዛኛው በአስታማሚዋ ትጋት ላይ የተመሠረተ ነበር። ትኩሳቱን በርጥብ ጨርቅ የምታበርደው፣ ውሃ በማንኪያ የምታጠጣው፣ አተነፋፈሱ ሲለወጥ ቀድማ የምታስተውለው እርስዋ ነበረች። ወላጆች በእነዚያ ሆስፒታሎች ልጆቻቸውን የሚጎበኙት በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ስለ ነበር፣ ሕፃኑ በሌሊት ሲያለቅስ የሚደርስለት ከነርሷ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

በእኛ አገር ይህ ነገር የተለየ መልክ አለው። ከጎጃም ገጠር የመጣ በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ ጋቢውን ተከናንቦ ከአልጋው ሥር ያድራል፤ ምግብም ከቤት ይመጣል። ይህ ለነርሷ አንዳንድ ጊዜ ዕንቅፋት መስሎ ይታያል፤ እኛ ግን ለበሽተኛው ትልቅ ጸጋ ነው እንላለን። አስታማሚውን ከማባረር ይልቅ እጁን እንዲታጠብና አደገኛውን ምልክት እንዲያስተውል ማስተማር፣ በደብረ ማርቆስ ብርድ ሌሊቱን ብቻዋን ለምትሠራ ነርስ ሁለተኛ ዓይን ማግኘት ነው።

ልዕልቲቱ ሦስት ዓመት ከተማሩ በኋላ ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት በመንግሥት መዝገብ ተመዘገቡ። መዝገቡ ግን በየክፍሉ የተለየ ነበር፤ የሕፃናት ነርስ ለአዋቂዎች አጠቃላይ ነርስ ተብላ አትቆጠርም። እርሳቸውም በተገኘው የምስክር ወረቀት ሳይረኩ፣ ለአጠቃላይ ነርስነት ሥልጠና እዚያው ለንደን ወደሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። ዓለም በጦርነት በታመሰችበት ጊዜ ተመዝጋቢ ነርስ የሆነ ሰው እንደገና ተማሪ ለመሆን መስማማቱ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት ነርስ መቼ ትምህርቷን ትቀጥል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የምናገኘው መልስ የጊዜ ቀጠሮ አይደለም፤ የያዘችው ሙያ ሊያገለግሉት ላሰቡት ሕዝብ እንደማይበቃ ባወቀች ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ልዕልት ፀሐይ የቤት ኪራይ አልነበረባቸውም፤ ታናናሾቻቸውን በደመወዛቸው የማስተማር ግዴታም አልነበረባቸውም። ስለዚህ ዛሬ በአነስተኛ ደመወዝ የምትኖረውን ነርስ በእርሳቸው ምሳሌ መውቀስ ትክክል አይመስለንም። በገጠር የምትሠራ ነርስ ተገቢ ክፍያና በጊዜው የሚፈቀድ ዝውውር መጠየቋ መብቷ ነው። ከልዕልቲቱ የምንወስደው የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ገብተው፣ በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ደርሰው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቤተ መንግሥት መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን በደሴ ሐኪም ቤት በነርስነት አገለገሉ። በአገራችን ሴት ነርስ ሁሉ ሲስተር ተብላ እንደምትጠራ እናውቃለን። በእንግሊዝ ሆስፒታል ይህ ማዕረግ የክፍሉ ኀላፊ ብቻ ነበር፤ ምንጩም ከጥንት ጀምሮ ሕሙማንን ሲያስታምሙ የኖሩ ገዳማውያት እኅቶች ናቸው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. አቢይ አበበን አግብተው፣ ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ አብረው ሄዱ። ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ አልፎ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ከ10 ወር ነበር። የንጉሥ ልጅነትም፣ በለንደን የተገኘ ሙያም አላዳናቸውም። በክረምቱ እኩሌታ፣ ከዋና ከተማው ርቃ የታመመች ነፍሰ ጡር የሚደርስባት ሁሉ ደረሰባቸው። ይህን የምንጽፈው ጮቄ ተራራ ግርጌ ወንዙ ሞልቶ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ከዳር ቆመው የሚጠብቁበትን ነሐሴ እያሰብን ነው። በዚያች ሰዓት በቅርቡ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ መገኘቷና አለመገኘቷ ለሁለት ነፍስ የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። ስንት ዓመት በገጠር እንቆይ የሚለውንም ጥያቄ ይህንን ሳያስቡ መመለስ አይቻልም።

ከዕረፍታቸው በኋላ፣ በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ ጥብቅና የቆሙት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በአገራቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ጀመር። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ፤ ሰፈሩም ዛሬ ጦር ኃይሎች በሚለው ስም ይጠራል። ከጎጃም ለከፍተኛ ሕክምና በሽተኛ ይዘው አዲስ አበባ የሚወርዱ ዘመዶቻችን በዚያ ሲያልፉ፣ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የአንዲት ነርስ መታሰቢያ ሆኖ እንደ ተሠራ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።