የዋላስ መሥመር

የዳርዊንን ስም ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ያንኑ ሐሳብ በዚያው ዘመን ለብቻው አስቦ የደረሰበት ሰው ግን ስሙ ሲነሣ ብዙዎቻችን ማን ነው ብለን እንጠይቃለን። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

አልፍሬድ ረስል ዋላስ በ1823 በዌልስ አገር ተወለደ። አባቱ ገንዘቡን በማይረባ ንግድ አጥፍቶት ነበርና ልጁ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከወንድሙ ጋር መሬት ቀያሽ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። ሌስተር በምትባል ከተማ ሳለ ሄንሪ ቤትስ ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀና ጥንዚዛ መልቀም ለመደ። በ1848 ሁለቱ ወደ አማዞን ወንዝ ተጓዙ። ዳርዊን ዓለምን የዞረው በአባቱ ገንዘብ ነው፤ እነዚህ ግን የሚኖሩት ወፍና ነፍሳት አድርቀው ለንደን ላለ ወኪል እየላኩ፣ እሱም ለቤተ መዘክርና ለባለጸጎች እየሸጠላቸው ነበር። እንግዲህ ሳይንሱም እንጀራውም አንድ ላይ ነው።

ዋላስ በዚያ አራት ዓመት ደከመ፤ ወንድሙም ኸርበርት በቢጫ ወባ ሞተበት። በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ በውቅያኖስ መካከል በእሳት ተያያዘ። የሁለት ዓመት ልፋቱ ከጥቂት ወረቀት በቀር ተቃጠለ፤ ከነነፍሳቸው ካመጣቸው እንስሳት የተረፈ አንድ በቀቀን ብቻ ነው። እሱና መርከበኞቹ አሥር ቀን በጀልባ ተንሳፈፉ።

ከቃጠሎው ግን አንድ ዕውቀት ተርፎለታል። የአማዞን ጦጣዎች በወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ የተለያዩ መሆናቸውን ተመልክቶ ነበርና፣ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰብሳቢዎች የአገሩን ወይም የወንዙን ስም ብቻ ጽፈው ማለፋቸውን በብርቱ ነቀፈ። እንስሳው በትክክል የት እንደተገኘ ካልተጻፈ ቆዳው ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

በ1854 ወደ ሲንጋፖር ሄደና በማላይ ደሴቶች ስምንት ዓመት ቆየ። በ1856 ወደ ማካሳር በቀጥታ የሚሄድ መርከብ ስላጣ በባሊና በሎምቦክ በኩል ለማለፍ ተገደደ። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕር ጠባብ ነው፤ ከአንዱ ዳር ሌላው ይታያል። ሆኖም በባሊ ያያቸው ወፎች የእስያ ዓይነት ሲሆኑ፣ በሎምቦክ ግን የአውስትራልያ ወገን የሆኑ ነጫጭ በቀቀኖች ጠበቁት። ሰርጡ ጥልቅ ስለሆነ በበረዶው ዘመን ባሕሩ ዝቅ ባለ ጊዜ እንኳ አልደረቀም፤ ስለዚህ እንስሳቱ አልተቀላቀሉም። ይህ ወሰን እስከ ዛሬ የዋላስ መሥመር ይባላል። መርከብ ባያጣ ኖሮ ምናልባት ሳያየው ባለፈ ነበር።

በ1858 በወባ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ፍጥረት ሁሉ ከአካባቢው ጋር የሚስማማው እየተረፈ እንደሚለወጥ ተገለጸለት። ይህንኑ ጽፎ ለዳርዊን ላከለት። ዳርዊን ሃያ ዓመት የደበቀውን ሐሳብ በሰው እጅ ተጽፎ ሲያይ ደነገጠ። ወዳጆቹም የሁለቱን ጽሑፍ ጁላይ 1 ቀን 1858 ለንደን ባለው የሊኒየስ ማኅበር አስነበቡ፤ የዳርዊኑም ቀደመ። ዋላስን ፈቃዱን የጠየቀው የለም። እኔ ይህን ትክክል ነው ለማለት ይቸግረኛል፤ እሱ ራሱ ግን ቅር አላለውም፤ እንዲያውም በ1889 ያወጣውን መጽሐፍ ዳርዊኒዝም ብሎ ሰየመው።

ዋላስን ተበደለ ብለን ስናዝን ደግሞ ከእሱ ኋላ የቆመውን አንርሳ። አሊ የሚባል የሳራዋክ ልጅ በምግብ አብሳይነት ተቀጥሮ፣ መተኮስና ቆዳ መግፈፍ ተምሮ፣ በብዙ ደሴቶች ተከተለው። በ1858 በባቻን ደሴት ከትከሻዎቹ ረጃጅም ነጭ ላባ የወጣለትን አዲስ የገነት ወፍ ተኩሶ ያመጣው አሊ ነው። የወፉ የሳይንስ ስም ግን በዋላስ ተሰየመ። ዋላስ ውለታውን አልካደም፤ አሊ ማን እንደሆነና ምን እንደሠራ በመጽሐፉ ጽፏል፤ በ1862 ሲለያዩም ጠመንጃና ዕቃ ሰጥቶት ፎቶግራፍ አስነሥቶታል።

ዋላስ ከዚያ ጉዞ 125,660 ናሙና ይዞ ተመለሰ፤ ከዚህ ውስጥ 83,200ው ጥንዚዛ ነበር። በ1863 መንግሥታት የፍጥረትን ናሙና ሳይጠፋ እንዲሰበስቡና እንዲጠብቁ አሳሰበ። ምክሩ በሙሉ አልተጠበቀም፤ በ2009 አንድ ሌባ በእንግሊዝ አገር ትሪንግ ከሚገኘው ቤተ መዘክር 299 የወፍ ቆዳ ሰረቀ፤ ዋላስ የላካቸውም በውስጡ ነበሩበት። የተሰረቁት ላባቸው ለዓሣ መንጠቆ ጌጥ እንዲሆን ነው! ከቆዳዎቹ የብዙዎቹ ወረቀት ተበጥሶ ስለተጣለ፣ ቢመለሱም ከየት እንደመጡ የሚናገር የለም።

ዋላስ በ1913 በ90 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት ቶማስ ባርበር የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ተመራማሪ ተርናቴ በምትባለው ደሴት ሲያልፍ አንድ ፊቱ የተጨማደደ ሽማግሌ አስቆመውና ስሙን ነገረው። ባርበር እንደጻፈው ሽማግሌው ራሱን ያስተዋወቀው አሊ ዋላስ ብሎ ነው።