ከጋፋት እስከ መቅደላ፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ሠራተኞቻቸው

በደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የምትባል ስፍራ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓመታት የመድፍ መሥሪያ ያቋቋሙት በዚህች ስፍራ ነው። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል፤ መድፉን ስለ ሠሩትና ስለ ጎተቱት ሰዎች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ለማሠራት የተሾመ ወይም ነገ የሚሾም ወጣት፣ ሠራተኛ ለሥራው የሚተጋው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለማወቅ ቢፈልግ፣ መመልከት የሚገባው እነዚህን ሰዎች ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ከባላባት ወገን ቢሆኑም ልጅነታቸው በችግር ያለፈ ነበር፤ ጠላቶቻቸውም እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቡባቸው ነበር። በቋራ ቆላ በሸፈቱበት ዘመን፣ ከምርኮው ገንዘብ ለድኻው ገበሬ የእርሻ መሣሪያ መግዣ ማካፈላቸውን ዜና መዋዕላቸው ይመሰክራል። በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ራስ ዓሊን ድል ነሡ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ የራስ ዓሊ ከተማ የነበረችው ደብረ ታቦርም የእርሳቸው መቀመጫ ሆነች።

በዚያ ዘመን ወታደር የሚኖረው በገበሬው ቤት እየተመራ፣ ገበሬው ያመረተውን እየበላ ነበር። ገበሬው ማን እንደሚበላለት ሳያውቅ እንዴት ተግቶ ይረስ? ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ተረድተው ወታደሩ በደመወዝ እንዲያድር፣ ዘረፋም እንዲቀር አዘዙ። ለደመወዙ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ለየቤተ ክርስቲያኑ ለ2 ቄሶችና ለ3 ዲያቆናት የሚበቃ መሬት ተትቶ የቀረው ለገባር እንዲሰጥ ፈለጉ። ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ባላባቱም በየአገሩ ሸፈተ፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን ወታደሩ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ደመወዝ ተስፋ ተደርጎለት ያላገኘ ሰው፣ ከመጀመሪያውም ተስፋ ካልተሰጠው ሰው ይልቅ ይመረራል።

ወደ ጋፋት እንመለስ። በዚያ የነበሩት አውሮፓውያን፣ ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ጓደኞቻቸው፣ የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር። የእጅ ሥራ ያውቃሉ፤ መድፍ መሥራት ግን ከቶ አያውቁም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ አንችልም አሉ፤ እርሳቸው ግን እምቢታን የሚቀበሉ ሰው አልነበሩምና እያስጨነቁ አስጀመሯቸው። ሙከራው ደጋግሞ ከሸፈ፤ በመጨረሻው ተሳካ። ያን ጊዜ የተደረገላቸው ነገር ለአገሩ አዲስ ነበር። የክብር ልብስ፣ ጌጠኛ በቅሎና ብር ተሸለሙ፤ እንደ ባለሟልም ተቆጠሩ። ጥንት በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ተንቆ የሚኖር ሰው እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ፣ ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው ከእቶኑ አጠገብ ቆመው ሥራውን ሲመለከቱ ለእጅ ሙያተኛው ምን ያህል ክብር እንደ ሆነ ሊገምት ይችላል። የአገሩም ልጆች ከፈረንጆቹ ሥር ሆነው ሙያውን እንዲማሩ ተደረገ። በጭንቅ የተጀመረው ሥራ የቀጠለው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ክብር ይመስለኛል።

ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ሲጀምሩ ይህን መድፍ በሠረገላ አስጭነው ተነሡ። ለመንገደኛ የጥቂት ቀን መንገድ የሆነው 6 ወር ያህል ፈጀ። ሠረገላ የሚያስኬድ መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩ በባሩድ እየተሰነጠቀ፣ ገደሉ እየተናደ፣ ጅጣንና በሽሎን ተሻግሮ በዋድላና በደላንታ ደጋ መንገድ ወጣ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ አቀበቱን አወጡት። ንጉሠ ነገሥቱም በጥላ ሥር ተቀምጠው አላዘዙም፤ ማልደው ተነሥተው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ፣ አፈር ይቆፍሩ ነበር። ጌታው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሣ ቆሞ የሚመለከት መኰንን የት ይገኛል! በኋላ በዚያው መንገድ የሄዱት የእንግሊዝ መኰንኖች እንኳ ሥራውን አድንቀዋል።

ዳሩ ግን የዚያው መንገድ ሌላ ገጽ አለው። በቤጌምድር ገበሬው ተዘርፎና ተቃጥሎ ስለ ነበር ስንቅ የሚያቀብል ጠፋ። ወታደሩ በየሌሊቱ ይከዳ ነበር፤ ከጉዞው በፊት በደብረ ታቦር ለመክዳት አስበዋል የተባሉ ብዙዎች ተገድለዋል። ቅጣቱ በበረታ መጠን የሚከዳው በዛ። በደጉ ዘመን በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ሠራዊት፣ መቅደላ ሲደርስ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቶ ነበር። የተገደለ ሰው ጠፍር አይጎትትም፤ ቅጣቱን ያየውም ሰው ልቡ የሚያስበው መሸሻውን ነው። ጋፋት ላይ የእጅ ሙያተኛውን ያከበሩት ንጉሥ ይህን አለመረዳታቸው ያሳዝናል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ጦሩ ተሸነፈ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቀ። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ የቀሩትን ተከታዮቻቸውን ሰብስበው፣ ሁሉም ነፍሱን እንዲያድን አሰናበቱት። ከዚያች ሰዓት በኋላ ደመወዝም፣ ሽልማትም፣ ቅጣትም አልነበረም። ብዙው ሄደ። ጥቂቶች ግን አልሄዱም፤ ራስ እንግዳ በበሩ ላይ ተዋግተው ሞቱ፤ አሽከራቸው ወልደ ጋብርም ንጉሡ ሽጉጣቸውን እስከ ጠጡባት ደቂቃ ድረስ ከአጠገባቸው አልተለየም።