ቴዎዶር ኤሸሪክ፦ የሕፃናትን አንጀት የመረመረው ሐኪም

ዕጩ መምህራን በባዮሎጂ ትምህርታችሁ ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። ይህች ኢ. የምትል ፊደል የማን ስም ማሳጠሪያ እንደሆነች የጠየቀ ግን ከመካከላችን ስንት ነው? ፊደሏ የሰው ስም ናት። ሰውየውም ቴዎዶር ኤሸሪክ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበር። ሕይወቱን ማወቅ ለመምህራን በሁለት በኩል ይጠቅማል። በአንድ በኩል፣ ሰው የናቀውን ነገር በትዕግሥት መርምሮ ዕውቀት እንዴት እንደሚገኝበት ያሳየናል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ አይቶት ሳይጨርሰው የሞተው ጉዳይ ዛሬም በየግቢያችን፣ ከዶሮውና ከውሻው ጋር የሚኖር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ኤሸሪክ ኖቬምበር 29 ቀን 1857 በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ግዛት፣ አንስባህ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም ሐኪም ነበር። እናቱ የሞተችበት ገና አምስት ዓመት ሲሆነው ነው። በ1876 የሕክምና ትምህርት ጀምሮ፣ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ከተማረ በኋላ በ1881 አጠናቀቀ።

በዚያ ዘመን ባቫሪያ ውስጥ ከሚወለዱት ሕፃናት ከሩብ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዋናው ገዳይ ተቅማጥ ነው። በተለይም በበጋው ሙቀት፣ የእናት ጡት ትተው የላም ወተት የሚጠጡት ሕፃናት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ታዲያ ወጣቱ ሐኪም ሌሎች ባልደረቦቹ ብዙም ክብር ያልሰጡትን የሕፃናት ሕክምና መረጠ። በ1884 ወደ ፓሪስና ወደ ቪየና ሄዶ ተማረ። በዚያው ዓመት በጣሊያን አገር በኔፕልስ ከተማ የኮሌራ ወረርሽኝ ሲነሣ ወደ ሥፍራው ተልኮ በሽታውን አጠና። ከዚያም ወደ ሙኒክ ተመልሶ፣ የሮበርት ኮህ ደቀ መዝሙር ከነበረው ከቪልሄልም ፍሮቤኒየስ ዘንድ ባክቴሪያን ለይቶ የማራባትን ጥበብ ቀሰመ።

እንግዲህ ኤሸሪክ ሥራዬ ብሎ የያዘው ነገር ለብዙ ሰው የሚያስጠይፍ ነው። ከሕፃናት መጠቅለያ ጨርቅ ላይ ዓይነ ምድር እየወሰደ፣ ቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፤ የሚያገኘውንም ባክቴሪያ ለየብቻው ያራባል። በዚህ ዓይነት አንድ ትልቅ ነገር ተረዳ። አዲስ የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ባክቴሪያ የለበትም፤ ነገር ግን ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ባክቴሪያ መታየት ይጀምራል። ስለዚህ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ከውጭ የገቡ ናቸው ማለት ነው፤ ከአየሩ፣ ከእጁ፣ ከጨርቁ፣ ከምግቡ። ይህንንም በ1885 ለሙኒክ ሊቃውንት ማኅበር አስረዳ፤ በ1886 ደግሞ በመጽሐፍ አወጣው። በሕፃናቱ ሁሉ አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኘውን አንዱን በትር መሰል ባክቴሪያ ባክቴሪየም ኮላይ ኮሙኔ አለው። ትርጉሙም የተለመደው የደንዳኔ ባክቴሪያ ማለት ነው።

ባክቴሪያው በጤነኛ ሕፃን ዘንድ ሰላማዊ ኗሪ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1894፣ ይኸው ባክቴሪያ ወደ ሽንት ፊኛ ሲገባ ሴቶች ሕፃናትን እንደሚያሳምም ኤሸሪክ ራሱ አሳየ። በአንድ ቦታ ጎረቤት የሆነው በሌላ ቦታ ጠላት ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚያው በ1886 ኤሸሪክ በተቅማጥ የሞቱትን ሕፃናት ደንዳኔ ሲመረምር እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎችን አየ። ሥዕላቸውን ሠራ፣ ስለ እነርሱም ጻፈ፤ ሊያራባቸው ግን አልቻለም። የሕመሙ ምክንያት ናቸውም አላለም። በዓይኑ ያየውን አስቀመጠ፤ ያላረጋገጠውን አልጨመረበትም። ጽሑፉ በጀርመንኛ መጽሔት ውስጥ ተቀብሮ ወደ መቶ ዓመት ያህል ቆየ።

ኤሸሪክ በ1890 በኦስትሪያ ወደምትገኘው ወደ ግራዝ ከተማ ሄደ። እዚያ የሕፃናት ሆስፒታሉን አስፋፋ፤ ዘጊ አናዳ የሚባለውን የጉሮሮ በሽታ በፀረ መርዝ መድኃኒት ስለማከም ደከመ፤ ማርጋሬተ ፋውንድለር የተባለችውን የፊዚክስ ፕሮፌሰር ልጅም አገባ። በ1902 ወደ ቪየና ተጠርቶ የቅድስት አና የሕፃናት ሆስፒታልን መምራት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ሕፃናትን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁሞ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ጡት እንዲያጠቡ ያስተምር፣ ጡት ለሌላቸውም ንጹሕ ወተት እንዲታደል ያደርግ ነበር። የስንቱን ልጅ ነፍስ ያተረፈ ሰው የራሱን ወንድ ልጅ ግን ገና በልጅነቱ በትርፍ አንጀት ሕመም አጣ። እርሱም በሥራ ላይ እንዳለ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1911 በ53 ዓመቱ ዐረፈ። ባክቴሪያው በስሙ ኤሸሪሺያ የተባለው ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1919 ነው።

የእነዚያ ጠመዝማዞች ነገርስ ምን ሆነ? በ1913 ማክፋድያንና ስቶክማን የተባሉ የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ከሚያስወርዱ በጎች ተመሳሳይ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ገለጹ። ለረጅም ጊዜም የከብትና የበግ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ተቆጠረ። በ1963 ካምፒሎባክተር የሚል ስም ወጣለት፤ ቆልማማ በትር ማለት ነው። በ1972 የቤልጂግ ተመራማሪዎች ከተቅማጥ በሽተኞች ዓይነ ምድር ለይተው አራቡት። በ1977 ስኪሮ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም 803 የተቅማጥ በሽተኞችን መርምሮ በ57ቱ ዘንድ አገኘው። ሳይታወቅ የኖረበት ምክንያት ጠባዩ ነው። ባክቴሪያው በተራ አየር አይራባም፤ ጥቂት ኦክሲጅንና 42 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ደግሞ የዶሮ ገላ ሙቀት ነው። ዶሮ ሳትታመም በአንጀቷ ይዛው ትኖራለች፤ ውሻና ድመትም እንዲሁ። በተለይ ቡችላ ላይ ይበዛል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘዴ የዘረመል ንባብ ነው። የአንድ ባክቴሪያ ጠቅላላ የዘረመል መረጃ ጅኖም ይባላል፤ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት እንደተጻፈ መጽሐፍ ቁጠሩት። የኤሸሪክ ባክቴሪያ ጅኖም በ1997 ተነበበ፤ 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። የካምፒሎባክተር ደግሞ በ2000 ታወቀ፤ 1.6 ሚሊዮን ያህል ነው። ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ ድሮ በማይክሮስኮፕ ሁሉም አንድ መስለው የሚታዩት አሁን እንደ ሰው አሻራ ይለያሉ። ከታመመው ሰው የተገኘውና ከውሻው የተገኘው ባክቴሪያ ጅኖማቸው በጥቂት ፊደል ብቻ የሚለያይ ከሆነ ምንጫቸው አንድ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ ከ2016 እስከ 2018 ከመቶ በላይ ሰዎች በካምፒሎባክተር ታመው፣ ምንጩ በሱቅ የሚሸጡ ቡችሎች መሆናቸው የተረጋገጠው በዚህ ዘዴ ነው። ያ ባክቴሪያ የተለመዱትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የተቋቋመ መሆኑም አብሮ ታወቀ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። በ2018 በአገራችን በሐረማያ ወረዳ ገጠር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ዓመት አልፏቸው ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ወደ 100 የሚጠጉ ሕፃናት መርምረው ነበር። በግማሾቹ ዓይነ ምድር ውስጥ ካምፒሎባክተር ተገኘ። የዘረመል ንባቡ ረቀቅ ሲል ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም በጣም ከፍ አለ፤ ብዙዎቹ ልጆች ከአንድ ዓይነት በላይ ይዘው ነበር። ኤሸሪክ በ1886 ሥዕሉን የሠራው ባክቴሪያ ዘመዶች ማለት ናቸው።

አሁን ከሮቢት እስከ ቆቦ ያለውን ቤት እናስብ። ዶሮዋ ማታ ከሰው ጋር ታድራለች። ማሽላ ሲሰጣ ውሻውም ዶሮውም ዙሪያውን ይላል። የሚድህ ልጅ ደግሞ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ተቅማጥ ሲይዘው ጥርስ ሊያበቅል ነው ይባልና ይታለፋል። ይህ ግን ጥርስ አይደለም፤ ከውጭ የገባ ነገር ነው። በተደጋጋሚ አንጀቱ የሚጎዳ ልጅ የበላው አይሆነውም፤ ይቀጭጫል። ነገ ከፊታችን ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ይኸው ልጅ ነው።

መድኃኒቱ ውሻን ማባረር፣ ዶሮን መሸጥ አይደለም። ቤቱን የሚጠብቀው ውሻ ነው፤ እንቁላሉም የልጁ ምግብ ነው። የሚያስፈልገው ለዶሮዋ ከመኝታው የተለየ ቆጥ መሥራት፣ ልጁ የሚጫወትበትን ቦታ ከኩስ መጠበቅ፣ እንስሳ ከነኩ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ወተት ማፍላት፣ የዶሮ ሥጋን አብስሎ መብላት፣ ጥሬውን ከሌላ ምግብ መለየት ነው። የታመመ ልጅ ፈሳሽና ጡት አይከልከል፤ ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ወይም ልጁ ከደከመ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን መግዛት ግን ባክቴሪያውን መድኃኒት ማላመድ ነው።

ዕጩ መምህራን ወደየቀበሌው ስትመደቡ ይህን ትምህርት ይዛችሁ እንድትሄዱ ያስፈልጋል። ማይክሮስኮፕ ባይኖር እንኳ የውሃ ጆግና ሳሙና አይጠፋም። ኤሸሪክ የጀመረው ከሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ነው፤ እኛም ከልጁ እጅ እንጀምር።