ፍሮንቲኑስ፤ የሮማ የውኃ ሹም

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው ጐዳና ዲላን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ ጐዳና ግራና ቀኝ፣ እንደ ሌሎቹ ያገራችን ከተሞች ሁሉ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የጐርፍ መውረጃ ቦይ፣ የመብራትና የስልክ መሥመር ተጐራብተው ይገኛሉ። የሚጠግኗቸው መሥሪያ ቤቶች ልዩ ልዩ ናቸው፤ የሚቈፈረው ምድር ግን አንድ ነው። ብዙ መሥመርና ብዙ ሰፈር ያለውን ከተማ በአንድ ካርታና በአንድ የሥራ ዕቅድ የመጠበቅን ብልሃት በጽሑፍ ካቆዩልን ሰዎች መካከል ቀደምቱ ሴክስቱስ ዩልዩስ ፍሮንቲኑስ ነው።

ፍሮንቲኑስ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተወለደ ሮማዊ ነበር። በ70 ዓ.ም. (ዓመታቱ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የሮማ ከተማ ከፍተኛ ዳኛ ሆነ። ቀጥሎም የብሪታንያ አገረ ገዥ ሆኖ ተሹሞ፣ ዛሬ ዌልስ በሚባለው አገር ይኖር የነበረውን የሲሉሬስን ሕዝብ ድል ነሣ። ስለ ጦር ስልትና ስለ መሬት ቅየሳም ጻፈ። በ97 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኔርቫ የከተማይቱን ውኃ በአደራ ሰጠው።

በዚያን ጊዜ ወደ ሮማ ዘጠኝ የውኃ መሥመሮች ይገቡ ነበር፤ የመጀመሪያው የተሠራው በ312 ዓመተ ዓለም ነው። ከተማይቱ በ14 ቀጠናዎች ተከፍላ ስለነበር፣ ውኃው በ247 ማከፋፈያ ገንዳዎች አማካይነት ለየቀጠናው ይዳረስ ነበር። ሹሙ ሥራውን ሳያውቅ በበታቾቹ ምክር ብቻ መመራቱን ፍሮንቲኑስ እንደ ውርደት ቈጠረው። ስለዚህም መሥመሮቹን እስከ ምንጫቸው ድረስ መረመረ። ሸለቆውን፣ ወንዙንና ተራራውን የሚያሳይ ካርታም አስነሣ፤ በዚህም ጽሕፈት ቤቱ ሆኖ ከቦታው የተገኘ ያህል ማመዛዘን ቻለ።

ከዚያም መዝገቡን ገለጠ። በመዝገቡ የገቢው ውኃ 12,755 መስፈሪያ ሲሆን፣ የተከፋፈለው 14,018 ሆኖ ተገኘ። ከገባው የወጣው በለጠ ማለት ነው። ከየምንጩ ሲለካ ደግሞ፣ በመዝገብ ከሰፈረው ገቢ 10,000 መስፈሪያ ያህል የሚበልጥ ውኃ አገኘ። እርግጥ ነው፣ ልኩ የቧንቧውን አፍ ስፋት እንጂ የውኃውን ፍጥነት በሚገባ የሚያስላ ስላልነበረ፣ የዛሬ መሐንዲስ ቍጥሩን በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል። ሆኖም ስርቆቱ የዓይን ምስክር ነበረው። በጐዳናው ሥር በስውር የተበሱ ቧንቧዎች ተገኙ። ሲነቀሉም ብዙ እርሳስ ተሰበሰበ። ገንዘብ ያለው በጓሮው ውኃ ሲያፈስ፣ የሚጐድልበት ከቦኖ የሚቀዳው ሕዝብ ነበር።

ለጥገናው ሥራ የተመደቡት 700 ሰዎች በሁለት ጓድ የተከፈሉ ነበሩ፤ 240ው የሕዝብ፣ 460ው የንጉሠ ነገሥቱ። ሁሉም ባሮች ነበሩ፤ የሮማ ውኃ በነርሱ ላብ መቆየቱ ሊዘነጋ አይገባም። ከመካከላቸው ገንዳ ጠባቂ፣ መሥመር ተመልካች፣ ድንጋይ አንጣፊና ለሳኝ ነበሩ። አለቆቻቸው ወደ ግለሰቦች ሥራ ያዘዋውሯቸው ስለነበር፣ ፍሮንቲኑስ የየጓዱ ተግባር ከዋዜማው ተጽፎ እንዲሰጥና በየቀኑ የተሠራው በመዝገብ እንዲሰፍር አደረገ።

ትልቁ ቁም ነገር ግን የጊዜና የቦታ ቅንጅት ነው። ውኃ ማቋረጥ የሚጠይቅ ጥገና ፍጆታው ከፍ በሚልበት በበጋ እንዳይደረግ፣ ማናቸውም ዕቃ አስቀድሞ እንዲዘጋጅና መሥመሮቹ በየተራ እንጂ በአንድነት እንዳይዘጉ ደነገገ። የግንብ ሥራም በውርጭና በሐሩር ወራት እንዳይሠራ መከረ። በዚያው ዘመን በየቀጠናው ላሉት የሕዝብ ገንዳዎች ከሁለት ልዩ ልዩ መሥመሮች የሚቀዱ ሁለት ሁለት ቧንቧዎች እንዲገቡላቸው ተደረገ። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ስለሚተካ፣ ጥገናው ሰፈርተኛውን አያስጠማውም ነበር።

ፍሮንቲኑስ በ98ና በ100 ዓ.ም. እንደገና ቈንስል ሆኖ፣ በ103 ዓ.ም. ገደማ አረፈ። ሐውልት እንዳይቆምለት ከልክሎ ነበር። መጽሐፉ ግን ለዘመናት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1429 ዓ.ም. በሞንቴ ካሲኖ ገዳም ተገኝቶ ስሙን አስነሣ።

የሮማን የጊዜ ሰሌዳ እንዳለ ወደ ጌዴኦ ማምጣት አይቻልም። በጌዴኦ ምድር ዝናቡ በበልግም በክረምትም ስለሚጥል፣ ለቍፋሮ የሚመቹት ደረቆቹ ወራት፣ ታኅሣሥና ጥር፣ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ጊዜው ካጠረ ቅንጅቱ የበለጠ ይፈለጋል። በአንድ ቀጠና ቧንቧውም፣ ቦዩም፣ መንገዱም በአንድ ካርታ ላይ ተነሥተው፣ አስቀድሞ ከምድር በታች ያለው ታድሶ አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ በመጨረሻ ቢነጠፍ፣ የተነጠፈው ተመልሶ አይፈርስም፤ ነዋሪውም ለአንድ ጐዳና ሁለት ጊዜ አይከፍልም።