አናቶሊ ታራሶቭ፡ የሠፈር ልጆችን ዓለም ሻምፒዮን ያደረገው አሠልጣኝ

በገና ሰሞን በደብረ ታቦርና በጣራ ገዳም አካባቢ ሜዳ የወጣ ልጅ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ከሩሯ ኋላ ይሮጣል። አሠልጣኝ የለው፣ ማልያ የለው፤ ታላላቆቹን እያየ ነው የሚለምደው። እንደኛው ታኅሣሥ 29 ገናን በምታከብረው ሩሲያም ልጆች በቆልማማ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ ያድጋሉ። ልዩነቱ የእነሱ ሜዳ በረዶ መሆኑና እግራቸው ላይ የመንሸራተቻ ጫማ መኖሩ ነው። አናቶሊ ታራሶቭም የተገኘው ከዚህ ጨዋታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1918 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ቀድሞ በመሞቱ እሱንና ታናሽ ወንድሙን ዩሪን ልብስ እየሰፋች ያሳደገቻቸው እናታቸው ነች። ሁለቱም በዲናሞ የልጆች ቡድን በኳስ የሚጫወተውን ሆኪ ተማሩ። ታራሶቭ እግር ኳስም ይጫወት ነበር። ዩሪ ግን በ1950 የአየር ኃይሉን የሆኪ ቡድን ይዞ ስቨርድሎቭስክ ላይ በተከሰከሰው አውሮፕላን ሕይወቱ አለፈ።

በኳስ ፋንታ ጠፍጣፋ የጎማ ፓክ የሚመታበት የካናዳውያኑ ሆኪ በሶቭየት ኅብረት የመጀመሪያ ሻምፒዮናው የተጀመረው በ1946 ነው። ታራሶቭ ብዙም ሳይቆይ የጦሩ ክለብ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆነ። ችግሩ ጣሪያ ያለው የበረዶ ሜዳ አለመኖሩ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ምን ይደረግ? ታራሶቭ ልጆቹን ደረቅ መሬት ላይ አወጣቸው። ጓደኛ ተሸክሞ መሮጥ፣ መገለባበጥ፣ ክብደት ማንሳት፣ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ የሆኪ ልምምድ ሆኑ። ካናዳውያኑ በጉልበት ሲጋጩ የእሱ ልጆች ፓኳን ቶሎ ቶሎ ይቀባበሉ ነበር። እግር ኳስ ተጫዋች አልነበር?

ውጤቱም መጣ። ከአርካዲ ቼርኒሾቭ ጋር ሆኖ ከ1963 እስከ 1971 በተከታታይ ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1964፣ 1968 እና 1972 ደግሞ የኦሊምፒክ አሸናፊ ሆነ።

የዋንጫው ምንጭ ግን ሕፃናቱ ናቸው። ክለቡ የራሱ የልጆች ትምህርት ቤት ነበረው፤ በረኛው ትሬቲያክ በ11 ዓመቱ የገባው እዚያ ነው። ታራሶቭ ገና ታዳጊ ሳለ ከትልልቆቹ ጋር ያሠለጥነው ጀመር። ልጁ 20 ዓመት ሳይሞላው የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ። ለክለብ ያልታደሉት የሠፈር ልጆችስ? ለእነሱ ደግሞ በ1964 ወርቃማዋ ፓክ የተባለው ውድድር ተመሠረተ፤ ከጀማሪዎቹ አንዱ ታራሶቭ ነበር። በየግቢው ውኃ አፍስሶ በረዶ የሠራ ልጅ ሁሉ ቡድን አቋቁሞ ይመዘገባል።

ታዲያ ታራሶቭ ሁሌም ልጅ መምረጥ ያውቅ ነበር ማለት አይደለም። የልብ ሕመም ይዞት ሐኪም ስፖርት የከለከለው ቫለሪ ካርላሞቭ በ1962 ዕድሜውን በአንድ ዓመት ቀንሶ ተናግሮ ነው ትምህርት ቤቱ የገባው። ታራሶቭ ትንሽዬውን ልጅ አላመነበትም፤ ሩቅ አገር ቼባርኩል ወደሚገኝ አነስተኛ ቡድን ላከው። ልጁ ሆዬ እዚያ ጎል በጎል ሆኖ ተመለሰ፤ ስምንት ጊዜም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ባህሪው አስቸጋሪ ነበር። ግንቦት 1969 ከስፓርታክ ጋር ሲጫወቱ የገባች ጎል ሰዓት አልፏል ተብላ ስትሻር ቡድኑን ይዞ ወጣ። ብሬዥኔቭ ቁጭ ብለው ያያሉ! ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ከበለጠ መቋረጥ በኋላ ቀጠለ። በእኛ ገና ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ሞስኮ ላይ ግን ጌቶች ተቆጡና የክብር ማዕረጉን ገፈፉት፤ ቆይተው መለሱለት። ከ1972 ኦሊምፒክ በኋላ ከብሔራዊ ቡድኑ፣ በ1974 ከክለቡ ተለየ። በ1975 ያንኑ ክለብ በእግር ኳስ ሊያሠለጥን ሞከረ፤ ቡድኑ 13ኛ ወጣ፣ እሱም በአንድ ዓመት ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ ከወርቃማዋ ፓክ አልራቀም። ሰኔ 1995 በ76 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ አረፈ። የልጆቹ ውድድር ዛሬም በስሙ ይካሄዳል።