ማዘር ትሬዛ፦ ሃይማኖት ሳይጠይቁ ያስታመሙ እናት

እ.ኤ.አ በ1943 በቤንጋል ጎተራው ሁሉ ባዶ አልነበረም። ይሁን እንጂ የጦርነቱ ዘመን የሩዝን ዋጋ ስለሰቀለው የቀን ሠራተኛው፣ ዓሣ አጥማጁና መሬት አልባው ገበሬ የሚገዙበት አቅም አጡ። ከገጠር የተሰደደው ረሃብተኛ የካልካታን ጎዳናዎች ሞላ፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ። በዚያች ከተማ፣ በገዳም አጥር ውስጥ ልጃገረዶችን ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ አንዲት መነኩሲት ነበሩ። በኋላ ዓለም ማዘር ትሬዛ ብሎ ያወቃቸው እርሳቸው ናቸው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1910 በስኮፕዬ ከተማ፣ ከአልባኒያውያን ካቶሊክ ቤተሰብ ነው። ስማቸውም አግነስ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ እርሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ድራና ብቻቸውን ልጆች እያሳደጉም ድሃን ከማዕዳቸው አላራቁም። አግነስ በ18 ዓመታቸው እናታቸውን ተሰናብተው ለምንኩስና ወጡ፤ ከዚያች ቀን ወዲህም ዳግመኛ አልተያዩም።

እ.ኤ.አ በነሐሴ 1946 በካልካታ ሂንዱና ሙስሊም ጎረቤታሞች ተፋጁ። በተከታዩ ወር ትሬዛ በባቡር ሲጓዙ፣ ገዳሙን ትተው ከድሆች መካከል ለመኖር ቆረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰማያዊ ጥለት ያለው ርካሽ ነጭ ሳሪ ለብሰው ወጡ። በ1950ም የበጎ አድራጎት እኅቶችን ማኅበር መሠረቱ።

በ1952 የከተማዋ አስተዳደር ከካሊ ቤተ መቅደስ አጠገብ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ሰጣቸው፤ በየጎዳናው የወደቁ ሕሙማን መጠለያም አደረጉት። አንዳንድ ሂንዱዎች ሰውን ከእምነቱ ሊያስወጡ ነው በሚል ስጋት ተቃወሟቸው። የቤቱ ደንብ ግን ሟች ሁሉ እንደ እምነቱ ይሸኝ የሚል ነበር፤ ለሙስሊሙ ቁርዓን ይነበብለታል፤ ሂንዱው የጋንጀስን ውኃ ይቀምሳል፤ ለካቶሊኩም የመጨረሻው ቅብዓት ይፈጸምለታል። እየዋለ ሲያድር ተቃውሞው በረደ።

ሥራቸው ከህንድ ወጥቶ ብዙ አገሮችን አዳረሰ። ኢትዮጵያንም በወሎው ረሃብ ዘመን ደርሰውላታል፤ በ1977 ዓ.ም ድርቅም ራሳቸው መጥተው ተጎጂዎችን ጎብኝተዋል። በአገራችን ከተሞች እኅቶቹ ዛሬም ሕሙማንንና ጧሪ ያጡትን ይንከባከባሉ።

ለብዙዎች በር ያስከፈቱት እናት የገዛ እናታቸውን ደጅ ግን ማስከፈት አልቻሉም። ድራና የሚኖሩት ሃይማኖት በአዋጅ በተከለከለባት አልባኒያ ነበር። ትሬዛ እናታቸውን ለማየት ያደረጉት ልመና ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ ድራናም በ1972 አረፉ። በ1979 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፣ የክብር ግብዣው ቀርቶ ገንዘቡ ለድሆች እንዲውል ጠየቁ።

ነቀፋም አልቀረላቸውም። ሐኪሞች በቤቶቻቸው በቂ ሕክምናና የሕመም ማስታገሻ አለመኖሩን ተችተዋል። ሌሎችም ድሃውን ማስታመም እንጂ የድህነቱን ሥር መንቀል አልታየባቸውም ብለዋል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የተራበ ገበሬ ዘርና ፍትሐዊ ገበያ ያስፈልገዋል፤ መንገድ ላይ ለወደቀው ግን ዛሬ የሚያነሣው ክንድ ያሻዋል። ትሬዛ የመረጡት ይህን ሁለተኛውን ነው።

እ.ኤ.አ መስከረም 5 ቀን 1997 በ87 ዓመታቸው አረፉ። አብዛኛው ሕዝቧ ሂንዱ የሆነው ህንድም ካቶሊካዊቷን መነኩሲት በመንግሥት ደረጃ በክብር ቀበረቻቸው።